ጃንጥላ ለጌታው፣ አስፋልት ለውሻው

በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቆመ ሰው ጥላውን ቢፈልግ ከጫማው ሥር ነው የሚያገኘው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ያን ሰሞን ፀሐይ ቀጥ ብላ አናቷ ላይ ትቆማለች። ነሐሴ ሲያልቅም ተመልሳ ይህንኑ ታደርጋለች፤ ያኔ ግን ደመናው ስለሚጋርዳት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። የሚያዝያዋ ምሕረት የላትም። ሊስትሮው ዕቃውን ይዞ ወደ ግንቡ ጥግ ይጠጋል፤ ሎተሪ አዟሪው ሰሌዳውን ግንባሩ ላይ ይጋርዳል፤ ትራፊክ ፖሊሱ እንኳ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል በጀርባው ወደ ዛፉ ያፈገፍጋል። በዚህ ሰዓት ወደ ፀሐይ የሚወጣ አንድ ወገን ብቻ አለ፤ የፈረንጅ ውሻ ያለው የአዲስ አበባ ሰው።

እሁድ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን በቦሌ፣ በሲኤምሲ ወይም በሰሚት በኩል ዞር ዞር በሉ። የኮሪደር ልማቱ ያሰፋቸው የእግረኛ መንገዶች ለዓይን ይማርካሉ፤ ዳር ዳሩን የተተከሉት ዛፎች ግን ብዙዎቹ ገና ሕፃናት ናቸው፤ ለራሳቸውም ጥላ ያስፈልጋቸዋል። ባለ ውሻው በዚያ ይመጣል። መነጽር አድርጓል፣ ኮፍያ ደፍቷል፣ በአንድ እጁ የቀዘቀዘ ሃይላንድ ይዟል። በሌላው እጁ ሰንሰለት አለ፤ ከሰንሰለቱ ጫፍ ደግሞ ምላሱ ጉልበቱ ላይ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ሀስኪ። ውሃው የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ሰውየው ትንሽ እየተራመደ ይጎነጫል፤ ውሻው በየጉንጩ ቀና ብሎ ያየዋል።

መድረሻው ካፌ ነው። በረንዳ ላይ ጃንጥላ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ይመረጣል። ሰውየው ከጥላው ሥር ይቀመጣል፤ ሰንሰለቱ ከወንበሩ እግር ጋር ይታሰራል፤ አስተናጋጇ ስለምትፈራ ውሻው ከጃንጥላው ጥላ አንድ ክንድ ያህል ወጣ ብሎ እንዲተኛ ይደረጋል። ማኪያቶ ይመጣል። ከጎን ካለው ጠረጴዛ አንዲት ልጅ "ውይ ሲያምር! ይናከሳል እንዴ?" ትላለች። ያ ሁሉ መንገድ የተኬደው ለዚህች ጥያቄ ነው። ሰውየው ዘሩን፣ ዕድሜውን፣ ስንት እንዳወጣበት፣ በቀን ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚበላ ይተርካል። ውሻው ያለከልካል። "ደስ ብሎት ነው፤ እየሳቀ ነው" ይላል ባለቤቱ። ፎቶ ይነሳሉ። በፎቶው ላይ ውሻው አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ይታያል፤ "ሳቂታ" ተብሎ ይለጠፋል።

ውሻ ግን እንደዚያ አይስቅም። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ሥር ነው፤ እሱም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ ምላሱና የአፍንጫው ውስጥ ያለው እርጥበት ሲተን ደሙ ቀዝቀዝ ይልለታል። አንድ መስኮት ብቻ ያለው ቤት በሉት። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 41ን ካለፈ አንጎልንም ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። አፍንጫቸው የተጨፈለቀው እነ ቡልዶግና እነ ፐግ ደግሞ ያቺን አንዷን መስኮት እንኳ ግማሿ ተዘግታ ነው የተወለዱት። አፍንጫቸው ጠባብ፣ ጉሮሯቸው የታፈነ ነው። ከተማችን ውስጥ ግን "ሲያንኮራፋ ደስ ይላል" ተብለው በውድ ይገዛሉ፤ ከዚያም አቀበት ይወጣሉ።

ሀስኪውማ የራሱ ታሪክ አለው። በሳይቤሪያ የቹክቺ ሕዝቦች ከበረዶ ጋር ያሳደጉት ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም በምትባል ከተማ ዲፍቴሪያ ገብቶ ሕፃናት ሲሞቱ፣ መድኃኒቱን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በበረዶ ላይ እየተቀባበሉ ያደረሱት ተንሸራታች ጎታች ውሾች ናቸው። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ነበር። የመጨረሻውን ርቀት የመራው ባልቶ የሚባለው ውሻ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሐውልት ቆሞለታል። የእሱ ዘመድ ዛሬ አዳማ ውስጥ ባጃጅ ሲጠብቅ ይታያል። ባለቤቱ አዝኖለት ከሆነ ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ ፀጉር ቤት ወስዶ በማሽን ያስላጨዋል። የሀስኪ ፀጉር ሁለት ድርብ ነው፤ የላይኛው ፀሐይን ይከላከልለታል፤ የሚያስፈልገው የሚረግፈውን የውስጡን ማበጠር እንጂ መላጨት አይደለም። የተላጨው ሀስኪ ቆዳው ለፀሐይ ተጋልጦ፣ አፍሮ፣ ጅራቱን ብቻ እንደ መጥረጊያ አስቀርተውለት ሲሄድ ያየ ሰው ሐዘንና ሳቅ ይታገሉታል።

ይህን ሁሉ ብትነግሩት የአዲስ አበባ ሰው አንድ መልስ አለው። "ኧረ አዲስ አበባ ምን ሙቀት አላት? ዱባይ አይደለን!" እውነቱን ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ የተሰቀለች ከተማ ናት፤ ጥላ ውስጥ የገባ ሰው ጃኬት ያምረዋል። ግን ከፍታው አየሩን ባቀዘቀዘው መጠን ፀሐይዋን ያበረታታል። ደግሞስ ሙቀት የሌለው አገር ይባል ከተባለ ከእንግሊዝ የበለጠ ማን አለ? እዚያው እንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች በሙቀት የተጎዱ ውሾችን መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የተጎዱት በእንቅስቃሴ ነው፤ በመራመድ፣ በመሮጥ፣ በመጫወት። መኪና ውስጥ ተዘግቶባቸው የተጎዱት ጥቂቶቹ ናቸው። እንግዲህ ዝናብ በማያጣው አገር ሽርሽር ውሻን ከጣለ፣ በሚያዝያ ቀትር ከአያት እስከ መገናኛ ምን ሊያደርገው ነው?

የሚገርመው ደግሞ እኛ ስለ ፀሐይ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ምች ያስጨነቀው ሕዝብ ነን። ተልባ ጠጥቶ ፀሐይ ላይ መውጣት፣ ቅባት ያለው ምግብ በልቶ ፀሐይ ላይ መውጣት፣ አልቦ ፀሐይ ላይ መቀመጥ፤ ሁሉም በእናቶቻችን ሕግ የተከለከለ ነው። ውሻውን በቀትር ያወጣው ሰው እኮ ግቢው ውስጥ ዳማከሴ ተክሏል። ከንፈሩ ላይ ትንሽ ነገር ስትወጣበት "ምች መታኝ" ብሎ ቅጠሉን አሽቶ ሳምንት ሙሉ የሚጨነቅ ሰው ነው። እናቱ ልትጠይቀው መጥታ በ8 ሰዓት "ልሂድ" ብትል "እማዬ፣ ፀሐይዋ ትብረድ እንጂ" ብሎ በግድ ያስቀምጣታል። ያቺው ፀሐይ ለውሻው ስትሆን ግን ቫይታሚን ትሆናለች።

ከፀሐይ ቀጥሎ የምንፈራው ነፋስ ነው። ታክሲ ውስጥ መስኮት እንዳይከፈት ስለሚነሳው ጭቅጭቅ ብዙ ስለተባለ አላራዝመውም። ይኸው ፍርሃት ግን ውሻ ያለበትንም መኪና ይዘጋዋል። ቅዳሜ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርዱትን ቤተሰቦች እዩ። አባት ሲነዳ አንገቱን ብርድ እንዳይመታው፣ እናት ፀጉሯ እንዳይበተን፣ አያት ደግሞ በመርህ ደረጃ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘግተዋል። ኤሲ እንዳይከፈት "ጉሮሮዬን ይይዘኛል" ተብሏል። ከኋላ ወንበር ላይ ጀርመን ሼፐርዱ መስታወቱን በትንፋሹ እያጨለመ ይሄዳል። ዱከም ሲደርሱ "አንዴ ዳቦ ይዤ ልምጣ" ይባላል። ዳቦው ዳቦ ብቻ ሆኖ አያልቅም፤ ሥጋ ቤቱ አጠገብ ነው፣ የድሮ ጓደኛ ይገኛል፣ "አንድ ቢራ" ይመጣል። ውጭ 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ቀን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ አብዛኛው የሚጨምረውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮቷን በጣት ስፋት ዝቅ ማድረግ ለሕሊና እንጂ ለውሻው እምብዛም አይጠቅምም። ጥሬ ሥጋው ግን ጥላ ውስጥ ተሰቅሏል።

ወደ አስፋልቱ እንመለስ። አየሩ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን ፀሐይ የሚመታው አስፋልት 50 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የእጅን ጀርባ መንገዱ ላይ አድርጎ እስከ ሰባት መቁጠር። እጁን ሦስት ላይ ያነሳ ሰው ውሻውን ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ይህን ለአንድ የሰፈራችን ባለ ውሻ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አበበ ቢቂላም በባዶ እግሩ ነው የሮጠው!"

የአገር ኩራት ሲመጣበት ሰው ዝም ይላል ብሎ ነው። ዝም አይባልም። የሮም ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1960 የተሮጠው አመሻሽ ላይ ነው። አዘጋጆቹ የጣሊያንን የበጋ ሙቀት ለመሸሽ ውድድሩን ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አስጀመሩ፤ አበበም በባዶ እግሩ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የገባው ጨልሞ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን እያበሩለት ነው። ለኦሊምፒክ ሻምፒዮን ፀሐይዋ እንድትበርድ ተጠብቋል። የሰፈራችን ውሻ ግን ቀትር ላይ፣ ያለ ችቦ፣ ያለ ሜዳሊያ ይሮጣል።

አንዳንዱ ደግሞ ጫማ ያጫማዋል። ከሜሪላንድ የመጣች አክስት ከሻንጣዋ ውስጥ ለልጆቹ ቸኮሌት፣ ለውሻው አራት ጫማ ታወጣለች። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የተለመደ ነው፤ በልክ ከተገዛና ውሻው ቀስ በቀስ ከለመደው ክፋት የለውም። እዚህ ግን ልኩ በግምት የመጣ ነው። ውሻው እግሩን አንድ በአንድ ከፍ እያደረገ፣ ጭቃ እንደሚፈራ ሙሽራ፣ በሰፈሩ ሲያልፍ ልጆች ተሰልፈው ያጅቡታል። ትንንሾቹ ውሾች ጫማ አይደርሳቸውም፤ ከጃንሆይ ውሻ ከሉሉ ዘመን ጀምሮ ታቅፈው ነው የሚሄዱት። እነሱን የሚያገኛቸው ሹራብ ነው። ሚያዝያ ላይ፣ ቀዩን የሱፍ ሹራብ። "ብርድ እንዳይመታው።" ነፋስ፣ ብርድ፣ ምች፤ የሰውን በሽታ ሁሉ ለውሻው ሰጥተን ያለበትን ሙቀት ብቻ ከለከልነው።

ከዚህ ሁሉ ትርምስ መሃል ነገሩን በትክክል የሚያውቅ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ አለ። ጥበቃው። በሳምንቱ ሌሎች ቀናት ሰንሰለቱን የሚይዘው እሱ ነው፤ እሁድ ብቻ ነው ለፎቶው ባለቤቱ የሚረከበው። ጥበቃው አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር የመጣ፣ እረኛ ሆኖ ያደገ ነው። ቀትር ሲሆን ከብት ጥላ እንደሚያርፍ፣ በሬ ከቀንበር እንደሚፈታ ከልጅነቱ ያውቃል፤ ማንም የእንስሳት ሐኪም አላስተማረውም። የጎረቤቴ ጥበቃ አንድ ቀን በ7 ሰዓት "ውሻውን አናፍስ" ሲባል በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ ሲል ሰማሁት፤

"እትዬ፣ ፀሐይዋ ትብረድለት፤ እንስሳው ይደክማል።"

"እንስሳ አትበለው አላልኩህም? ስም አለው።"

"እሺ እትዬ። ማይክል ይደክማል።"

"አንተ ነህ የደከመህ። ሂድ፣ ሂድ፤ ማታማ እንግዳ አለብኝ፣ ይጮህብኛል።"

ማይክልና ጥበቃው ወጡ። ሁለቱም ምላሳቸውን አውጥተው ተመለሱ ማለት ይቀለኛል፤ ግን ጥበቃው ከእኛ ሁሉ ብልህ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ አጠጥቶት፣ እትዬ የምትፈልገው ጊዜ እስኪሞላ ጠበቁ። በኋላ ሲገቡ "በደንብ ሄደ?" ተባለ። "በደንብ።"

ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችንም ይህን ትዕዛዝ ያውቁታል። በባሕሩ ዳር የእመቤታቸውን ውሻ የሚያናፍሱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው፤ እዚያም ሰዓቱን የሚወስነው አንዱ፣ ሰንሰለቱን የሚይዘው ሌላው ነው። የውሻውም የልጅቷም ጥማት በአንድ አፍ ሲወሰን ውሻው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ውሃ ያገኛል።

የሰፈር ውሻን ግን ማንም አያናፍሰውም፤ ስለዚህ ጤነኛ ነው። ዘሩን የሚጠይቀው፣ ስም ያወጣለት የለም፤ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ከቆመ አይሱዙ ሥር ገብቶ፣ የላይኛውን አፈር በጥፍሩ ገፎ፣ ከሥር ያለው ቀዝቃዛ መሬት ላይ ሆዱን ለጥፎ ይተኛል። የሆድ ፀጉር ስስ ስለሆነ ሙቀት በዚያ ይወጣል፤ ይህንን ያስተማረው የለም። ሀስኪው በሰንሰለት ሲጎተት ሲያልፍ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ያየዋል። መጮህ እንኳ ሰዓቱ አይደለም ብሎ መልሶ ይጨፍናል። ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ይህ የውሻ ጥበብ የከተማው ደንብ ነው፤ ቀትር ላይ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰውም ጋደም ይላል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተማዋ እንደ አዲስ ትከፈታለች። በ7 ሰዓት ውሻ ይዞ የሚወጣ ድሬዎች ቢያዩ፣ ከውሻው ይልቅ ለሰውየው ነበር የሚያዝኑለት።

የቀትሩ ሽርሽር ሁልጊዜ በማኪያቶ አያልቅም። አንድ ቀን ገርጂ አካባቢ አንድ ትልቅ ቡኒ ውሻ በባለቤቱ ልጅ እጅ እንዳለ ሲንገዳገድ አየሁ። አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ድዱ ቀልቷል፣ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል። ሙቀት የመታው ውሻ ምልክቱ ይኸው ነው። የመንገዱ ሰው ግን ሌላ ምርመራ አወጣ። "አብዷል! ያበደ ውሻ!" በአንድ አፍታ ድንጋይ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ሰውን አይፈረድበትም፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ የለሐጩ መዝረብረብም ያስፈራል። ልጁ ውሻው ላይ ተደፍቶ "አላበደም፣ ተከትቧል!" እያለ አለቀሰ።

ድንጋዩ ከየእጁ ወረደ፤ ምክር ተተካ። አንዱ "ክብሪት ጭራችሁ አሽትቱት" አለ። ሌላዋ ሎሚ ከዘንቢሏ አወጣች። አንድ ጎልማሳ ጃኬቱን አውልቆ ውሃ አርከፍክፎበት አለበሰው፤ ይህ ከሁሉ የባሰ ነበር፤ የረጠበ ልብስ ተሸፍኖበት ሲቆይ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀርበታል። ጠበልም ተጠቅሷል። መፍትሔ ያመጣው መኪና አጣቢው ልጅ ነው። ምንም ሳይናገር ጃኬቱን ገፈፈ፣ ውሻውን ወደ ግንቡ ጥላ ጎተተው፣ ባልዲውን አንስቶ ሆዱና ብብቱ ላይ ደጋግሞ አፈሰሰበት፣ በካርቶን አራገበለት። ሐኪም ቢኖርም ከዚህ የተለየ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ክሊኒክ ማሮጥ። ውሻው ከብዙ ቆይታ በኋላ ራሱን ቀና አደረገ፤ ባጃጅ ተጠርቶ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ተወሰደ። ያን ሰዓት ባለቤቱ ቤት ነበሩ፤ ምሳ በልተው ጋደም ብለው፣ መጋረጃውን ዘግተው። ፀሐይዋ ከብዳቸው ነው።

እንግዲህ ጌቶቼና እመቤቶቼ፣ ውሻችሁን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አውጡት፤ ሰዓቱን መምረጥ ከከበዳችሁ ለጥበቃው ተዉለት። ሃይላንዱንም አጋሩት። መታየቱ ይቀርብናል ብላችሁ እንዳትሰጉ፤ ካፌው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው።